ድመቷን ከማባረርዎ በፊት ግድግዳውን ይንኩት

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን በጭቃ ግድግዳ፣ በቆርቆሮ ክዳን ቤት የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ክረምት የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሻግቶ ነበር። እኔም ከሐምሌ ጀምሮ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሳል፣ የደረት ማፈንና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ያዘኝ። ሐኪም አስም መሆኑንና ሻጋታው እንዳባባሰው ነግሮኝ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። ተሽሎኛል፤ ፈጽሞ ግን አልዳንኩም። ከትንሿ ልጄ ጋር የምትተኛ ድመት አለችን። ግቢ ውስጥ ውሻ አለ። አምስት ዶሮዎች ደግሞ ከብርዱ የተነሣ ጓዳ ያድራሉ። የምናበስለው በኩበት ነው። በኅዳር ሸዋ ሮቢት እህቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ብሰነብት ሳሉ ጠፋ፤ ስመለስ ተመለሰ። እናቴ ‹እዚያ ድመት ስለሌለ ነው፤ እንስሳቱን ሁሉ አስወጪ› ትለኛለች። ልጄ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከማያከራክረው ልጀምር። ዶሮዎቹ ከጓዳ ይውጡ፤ ነገ ዛሬ ሳይሉ። ውሻው ግቢውን እየጠበቀ ይኑር፤ በእርስዎ ደረት ላይ የሚያመጣው ጣጣ እምብዛም ነው። በድመቷ ላይ ግን እናትዎ የፈረዱት ምስክር ሳይሰሙ ነው። ፍርዱ አይጽና፤ ቀጠሮ እንስጣት።

የእናትዎ ፍርድ የተመሠረተው በሸዋ ሮቢቱ ጉዞ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥተው፣ ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርደዋል። ኋላ የቀረችው ድመቷ ብቻ አይደለችም። የሻገተው ግድግዳ፣ የጓዳው ዶሮ፣ የኩበቱ ጭስና ደረት የሚያኮማትረው የኅዳር ውርጭም አብረው ቀርተዋል። አምስት ተጠርጣሪ በአንድ ቀን ከመንደር ወጥቶ ስርቆቱ ቢቆም፣ «ሌባዋ ድመቷ ነበረች» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ አላውቅም። ደግሞስ ጋቢዎን ለብሰው አልሄዱም? ከድመት የሚወጣው አለርጂ ቀስቃሽ ነገር በልብስ ተጣብቆ ድመት በሌለበት ቤት እንኳ ይገኛል። እንግዲህ የድመቷ ርዝራዥ በመጠኑም ቢሆን አብሮዎት ወርዷል፤ እርስዎ ግን አልሳሉም። ይህ ድመቷን ነፃ አያወጣትም፤ የእናትዎን ማስረጃ ግን ያላላዋል።

ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላጣራ። ሳሉ ሲጀምር የአክታ ምርመራ ተደርጎልዎታል? በጥያቄዎ ውስጥ አልጠቀሱትም። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ በተለይ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው ወይም የከሳ ከሆነ። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። «ሻጋታ ነው» የሚለው ስም ሌላ በሽታ እንዲሸፍንብን አልፈልግም። ተመርምረው ነፃ ከሆኑ፣ ይህን አንቀጽ ይለፉት።

«የሻጋታ በሽታ» ሲባል ሰው አንድ በሽታ ይመስለዋል። በማክምበት ክፍል ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሕመምተኛ በዚህ ስም ይመጣል። የመጀመሪያው እንደ እርስዎ ያለው ነው፦ የአለርጂ ወይም የአስም ዝንባሌ ያለው ደረት፣ ከእርጥብ ቤት በሚነሣ ብናኝ ሲቆጣ። ሁለተኛው ሳንባው ራሱ የሚቆስልበት፣ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባን የሚያደነድን ሕመም ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሦስተኛው፣ የሰውነት መከላከያው በጣም የተዳከመ ሰው ላይ ሻጋታው ራሱ ሳንባ ውስጥ የሚበቅልበት ነው፤ ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። ከዚህ ውጭ «ሻጋታ መርዝ ሆኖ ደም ውስጥ ተቀምጧል፣ በዚህ ሽሮፕ ይታጠባል» የሚልዎት ካለ ገንዘብዎን ለቆርቆሮ ምስማር ያውሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ላይ እንኳ «ይህን ያህል የሻጋታ ዘር ከተገኘ አደገኛ ነው» የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ያለው እርጥበቱን አስወግዱ ነው።

እርጥበቱስ ከየት መጣ? የደብረ ብርሃንን ቤት አውቀዋለሁ። ማታ በር ተዘግቶ፣ ወጥ ተንተክትኮ፣ አራት ሰው ሲተነፍስበት ያድራል። ያ ሁሉ እንፋሎት ውርጭ ከመታው ቆርቆሮና ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆናል። «ቆርቆሮው አላበው» የምንለው ይህንኑ ነው። ጠብታው ኮርኒሱ ላይ፣ ከኮርኒሱ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። በሌላ በኩል በክረምት አሸንዳ ከሌለው ክዳን የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ሥር ይቆማል፤ ጭቃው ከታች ይመጠዋል። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ደግሞ የመጠጠውን መልሶ ማስተንፈስ ያቅተዋል። ይህ ልስን ለዓይን ያማረ፣ ለደረት የከፋ ነው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። አንድ ንጹሕ ፌስታል ቀደው ግድግዳው ላይ ይዘርጉት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ሁለት ቀን ይተዉት። ውኃው ከፌስታሉ ጀርባ፣ ግድግዳው በኩል ከተገኘ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ መፍትሔው አሸንዳና ከቤቱ ዙሪያ የሚቆፈር ቦይ ነው። ከፊት፣ በክፍሉ በኩል ካላበው ደግሞ የእናንተው ትንፋሽና እንፋሎት ነው፤ መፍትሔው መስኮት ነው። ንጋት ላይ ደግሞ ከአልጋዎ ራስጌ በኩል ግድግዳውን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ከቀዘቀዘ ብቻ የሌሊቱ ብርድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከረጠበ ግን ድመቷ ብትወጣም ባትወጣም ሳሉ አይለቅዎትም።

አልጋውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት። ሻጋታውን ደረቁን አይፋቁት፤ ዘሩ ተነሥቶ ክፍሉን ይሞላዋል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ አርጥቦ፣ አፍንጫና አፍ ሸፍኖ የሚፍቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ እርስዎ፣ ልጆቹና ድመቷ በዚያን ቀን ከቤት ውጡ። ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባ፤ ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል፣ ሻጋታም አይወደውም። የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽ አይድንምና ይጣል። ባና የሚባለው የበግ ፀጉር ልብስና ብርድ ልብስ ግን በጥሩ ፀሐይ ደጋግሞ ማስጣትና ማራገፍ ይበቃቸዋል። አሁን በጋ ነው፣ ፀሐዩ አለ፤ በልጉ ሳይገባ ይጠቀሙበት። በብርዱ ምክንያት ክፍሉን ለማድረቅ ብለው ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው እንዳያድሩ አደራ። ግድግዳው ሳይደርቅ ሰው ይሞታል።

ስለ በረኪና ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ላይ ላዩን ያነጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሽታውም አስምን ይቀሰቅሳል። ከድመት ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ድመት የሸናችበትን ጥግ በበረኪና ማጠብ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «ድመቷ ገደለችኝ» ብለው መጡ። ሊገድላቸው የነበረው ግን የበረኪናው ባልዲ ነበር። የሸናችበትን በውኃና በሳሙና ብቻ ይጠቡት።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ። ፈርጄ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዶሮ ላባ ብናኝና የደረቀ ኩስ በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ይገባል፤ ከኩሱ የሚነሣው አሞኒያ ብቻውን አስምን ያስነሣል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ሁለተኛው ሕመም፣ ሳንባን የሚያቆስለው፣ ከአእዋፍም ከሻገተ ድርቆሽም ይመጣል። ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በቤታችን አይቼዋለሁ። ያደግሁት መንዝ ነው፣ በካብ ቤት፤ ግልገልና ዶሮ ከእኛ ጋር ነበር የሚያድረው። አባቴ በየዓመቱ ክረምቱ እያለቀ ሲመጣ፣ ዝናብ ያገኘውን የድርቆሽ ክምር ፈልቅቆ ለከብት የበተነ ቀን ማታ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ደኅና፣ ቀን ደኅና፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል። በማግስቱ ይሻለዋል። የወሰድነው ጤና ጣቢያ አንዴ ወባ፣ አንዴ ብርድ አለው፤ ያን ጊዜ እኛ አካባቢ ወባ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም። ድርቆሹን ማንም አልጠረጠረም። ሳንባው ደንድኖ መተንፈስ ሲያቅተው እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የእርስዎ ሕመም እንዲህ ያለ አይመስለኝም፤ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና የሌሊት ሳል የአስም ጠባይ ነው። ነገር ግን ዶሮዎቹ ያደሩበትን ጓዳ ጠርገው ባጸዱ ማታ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ከመጣብዎት፣ ቀኑን ጽፈው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል፤ ዶሮ ብቻ ሳይሆን የላባ ትራስም ከቤት ይወጣል።

ለዶሮዎቹ ከግቢው ነፋስ በማይመታው ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ይሠራላቸው። ዶሮ ላባዋን ነፍታ ብርዱን ትችላለች፤ የሚገድላት እርጥበትና ሽው የሚል ነፋስ ነው። ከሥሩ የሚነጠፈው ጭድ ደረቅ ይሁን፣ በየጊዜው ይቀየር። የውሻውን ማደሪያም አብረው ይዩት። ውሻ ራሱ ውጭ አዳሪ ነው፤ ከሥሩ የተነጠፈለት የሻገተ ገለባ ግን ከግድግዳዎ ያልተናነሰ የሻጋታ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ሲያቅፉት በልብሳቸው ወደ ቤት ያስገቡታል። የሻገተ እንጀራና ዳቦም ለውሻም ለዶሮም አይስጡ። «ለእንስሳ ምን አላት» ይባላል፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ግን ጉበታቸውን ይጎዳል።

ድመቷ ትቅረብ።

በአገራችን «የድመት ፀጉር አስም ያመጣል» የሚለው እምነት ከግማሽ በላይ እውነት ነው፤ ጥፋተኛው ግን ፀጉሩ አይደለም። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ምራቋ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፤ ከምራቋና ከቆዳዋ ወዝ የሚወጣው ፕሮቲን ከደቃቅ የቆዳ ቅርፊት ጋር ይበናል። እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ከፍራሽ፣ ከጋቢ፣ ከግድግዳ ይጣበቃል። ስለዚህ አጭር ፀጉር ያላት ድመት «ንጹሕ ናት» የሚባለው አያዋጣም። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሴቷ የበለጠ ያመነጫል። ማጠብም ለጥቂት ቀን እንጂ አይረዳም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ድመት ማጠብን ደግሞ ለጠላቴም አልመክርም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር እናትዎም ይስሙልኝ። ድመት ከቤት ከወጣች በኋላ የተወችው ነገር ወደ ዝቅተኛ መጠን ለመውረድ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ «ሁለት ሳምንት ጎረቤት እናሳድራትና እንይ» የሚለው ፈተና ምንም አይነግርዎትም። ካልተሻለዎት «ድመቷ አይደለችም» ብለው ይሳሳታሉ፤ ከተሻለዎት ደግሞ ግድግዳው ደርቆ ሊሆን ይችላል። ልጅን ማስለቀስ ብቻ ነው ትርፉ።

የተሻለው ምስክር የእርስዎ አካል ነው። ድመቷን ከዳሰሱ ወይም ጭንዎ ላይ ካስቀመጡ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይንዎ ያሳክካል? ተከታታይ ማስነጠስ ይመጣል? የነካችው ቆዳ ያብጣል? እነዚህ ካሉ በእርግጥ ድመቷ ትነካዎታለች። ምንም ከሌለ፣ ከክረምቱ በፊትም ድመቷ ኖራ ሳሉ ካልነበረ፣ ጣቴ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ጥያቄዎ ላይ ሳሉ በሐምሌ ጀመረ ብለዋል። ድመቷ በሐምሌ ነው የመጣችው? ካልሆነ ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ፣ አለርጂ አብሮ ከኖረ እንስሳ ጋርም ዘግይቶ ይነሣልና።

እስከዚያ ድረስ ድመቷ ከመኝታ ቤት ትውጣ። ሳይንሱ አንድ ነገር ብቻ ለይተህ ሞክር ይላል፤ የእርስዎ ደረት ግን ቤተ ሙከራ አይደለም። ሌሊቱን ለስምንት ሰዓት ያህል የሚተነፍሱበት ክፍል ከሁሉ ይቀድማል። ማጀት ከምድጃው አጠገብ ሣጥን ይዘጋጅላት፤ ጨርቋ በየሳምንቱ ይታጠብ። ልጅዎ ትጫወትባት፤ ፀጉሯን ማበጠር ከፈለገች ደጅ ሆና፣ ከዚያ እጇን ታጥባ ልብሷን ቀይራ ትግባ። ልጅቷም ማታ የምትስል ከሆነ ግን ይህ ለጋስነቴ ያበቃል፤ እሷም ትመርመር። አልጋው ላይ ያለውን አንሶላና ብርድ ልብስ ሁሉ አሁኑኑ አጥበው ያስጡ፤ ድመቷ ወጥታ ብርድ ልብሱ ከቀረ እሷ አልወጣችም።

አንድ ነገር ደግሞ እዩልኝ። ድመቷ ላይ ፀጉሩ የረገፈ ክብ ነገር ካለ፣ ልጅቷም ራሷ ላይ ቆረቆር ወይም ገላዋ ላይ ጭርት ካወጣች፣ ይህ ፈንገስ ነው፤ የግድግዳው ሻጋታ ግን አይደለም። ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ይህኛው ከእንስሳ ወደ ሰው በንክኪ ይተላለፋል፤ ድመቷም ልጅቷም አብረው ይታከማሉ፣ ያልፋል።

«እንስሳቱን ሁሉ አስወጪ» የሚለው ምክር የማይቆጥረው ወጪም አለ። ድመቷ ከሄደች አይጥ ጎታው ላይ ትወጣለች። የአይጥ ሽንትም አስምን ይቀሰቅሳል፤ የአይጥ መርዝ በልጆች ቤት መበተን ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ጤነኛ ድመት ማጀት ውስጥ መኖሯ አንዳንዴ ከሁለት ክፉ የተሻለው ነው።

ድመቷ መሄድ ያለባት መቼ ነው? ግድግዳው ደርቆ፣ ዶሮዎቹ ወጥተው፣ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ፣ እሷም ከመኝታ ቤት ርቃ፣ ሌሊት መነሣቱ ካልቀረ፣ ስትነኩዋትም አካልዎ የሚመሰክር ከሆነ። ወይም በአስም ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፤ እዚያ ላይ አልደራደርም። ያን ጊዜ አይጥ ያስቸገረው የገጠር ዘመድ ይፈለግና ትሰጥ። መንገድ ዳር አትጣል። ውሻም እንዲሁ፤ ክትባት ሳይወስድ ለማንም እንዳይሰጥ። እኛ መንዞች በጓሳ ደጋ ቀይ ቀበሮ አለን፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ከቤት ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያጠፉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ነው። እዚያ አካባቢ ባለቤት አልባ ውሻ መልቀቅ እሳት መልቀቅ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አጭር ቃል። ሲያፍንዎት የሚወስዱት ሳልቡታሞል ያስተነፍሳል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። በየቀኑ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ታዝዞልዎት ከሆነ ስለተሻለዎት አያቋርጡት። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ይህን ያልሠሩ ሕመምተኞች አፋቸው ውስጥ ነጭ ነገር ሲያዩ «ሻጋታው አፌ ገባ» ብለው እየሮጡ ይመጣሉ፤ ከመድኃኒቱ ቅሪት የተነሣ የሚበቅል፣ በቀላሉ የሚታከም ነገር ነው። ሳልቡታሞሉን ወስደው ካልተነፈሱ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ግን ስለ ድመት የሚታሰብበት ሰዓት አይደለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ስለ ኩበቱ አልወቅስዎትም፤ አማራጩ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ምድጃው ከመኝታው በግድግዳ ይለይ፣ ጭስ መውጫ ይኑረው፤ በሚነድበት ሰዓት እርስዎ ማጀት አይቁሙ። ከዶሮውም ከድመቷም ይልቅ ጭሱን የምፈራባቸው ቀኖች አሉ።

የልጅዎን ደብተር አንድ ገጽ ይዋሱ። በየጠዋቱ ሦስት ነገር ይጻፉበት፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ሳል ቀሰቀሰዎት፣ ሳልቡታሞል ስንት ጊዜ ወሰዱ፣ ግድግዳው በእጅ ጀርባ ሲነካ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ። ዶሮዎቹ የወጡበትን፣ ኖራው የተቀባበትን፣ ድመቷ ማጀት ማደር የጀመረችበትን ቀን ያስምሩበት። በመጋቢት መጀመሪያ፣ በልጉ ሳይጠነክር ገጹን እንዳለ ይላኩልኝ። ድመቷ እስከዚያ ማጀት ትደር።